የባርናክል ዘር ቆጠራ በእናት ወገን

ዘመኑን ሁሉ የምቆጥርላችሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1185 ጄራልድ የሚባል የዌልስ ሰው፣ ካህንም ጸሐፊም የሆነ፣ የእንግሊዙን ንጉሥ ልጅ ዮሐንስን ተከትሎ ወደ አየርላንድ ተሻገረ። ያየውንና የሰማውን ሁሉ ይጽፍ ነበርና፣ ባህር ዳር ያየውንም ጻፈ። ማዕበል የተፋው ግንድ ወድቋል። በግንዱ ላይ ነጫጭ ቅርፊት የለበሱ ነገሮች ተንጠልጥለዋል፤ ከቅርፊታቸው ጫፍም ላባ የሚመስል ነገር ብቅ ይላል። ጄራልድ እነዚህ የዝይ ጽንሶች ናቸው አለ። ከአንድ ግንድ ላይ ከሺህ በላይ በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ ብሎም መሰከረ።

የአየርላንድ ሰው በየክረምቱ ከሰሜን የሚመጣውን ዝይ ያውቀዋል። ጎጆውን ግን ያየ የለም፤ እንቁላሉንም ያየ የለም። ዝይዋ የምትፈለፍለው ሰው በማይደርስበት የበረዶ አገር ነዋ! ታዲያ እንቁላል ሳይኖር ከምን ተወለደች? ከግንዱ ነዋ ተባለ። ከዚህም የተነሣ፣ ጄራልድ እንደሚተርከው፣ አንዳንድ የአየርላንድ ጳጳሳትና መነኮሳት ያንን ዝይ በጾም ይበሉት ነበር፤ ከሥጋ ያልተወለደ ሥጋ አይባልም ብለው። ጾም የሚያውቅ ሰው የነገሩን ክብደት አይስተውም። መልክን ብቻ አይቶ ዘር መቁጠር እስከ ገበታ ድረስ ያሳስታል።

በግንዱ ላይ የነበረው ባርናክል ነው። ባህር ርቆን ለምንኖር ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው፤ ምጽዋ ወይም ጅቡቲ፣ ጅዳ ወይም ኤላት የኖረ ሰው ግን ባዶ እግሩን ዓለት ላይ ሲወጣ ቆርጦት ሊሆን ይችላል። መልኩ ሁለት ነው። አንዱ አንገት አውጥቶ የሚንጠለጠለው ነው፤ ጄራልድ ያየው እሱን ነው። ሌላው አንገት የለውም፤ በጠንካራ የኖራ ሰሌዳዎች ተከቦ ዓለት ላይ ልጥፍ ይላል፤ አናቱ ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ በር አለው። አንዴ ከተጣበቀ መንቀሳቀስ የለም። በግንባሩ ተተክሎ፣ እግሩን ወደ ላይ አድርጎ ዕድሜውን ይጨርሳል። ባህሩ ሲሸፍነው በሩን ከፍቶ ስድስት ጥንድ ጸጉራም እግሮቹን ይዘረጋል፤ ውሃው ይዞት የሚያልፈውን ጥቃቅን ምግብ በእነሱ ይለቅማል። ባህሩ ሲሸሽ በሩን ዘግቶ ይጠብቃል። የዓለቱ ባርናክል ሌላ ነው፤ የባህር ኤሊው ሌላ፣ የዓሣ ነባሪው ሌላ። ዛሬ በስም የሚታወቁት ዝርያዎች ከሁለት ሺህ ይበልጣሉ። ይህ ሁሉ ወገን ማን ከማን ይዛመዳል? የምተርክላችሁ የዚህን ጥያቄ ታሪክ ነው። ከዓይን ወደ ብርጭቆ፣ ከብርጭቆ ወደ ማይክሮስኮፕ፣ ከማይክሮስኮፕ ደግሞ ከእናት ወደ ልጅ ወደሚወርድ አንድ ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት ይወስደናል።

ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1758 ፍጥረትን በየስሙ ሲደለድል፣ ባርናክልን ከዛጎል ለባሾቹ ጋር መደበው። ከእሱ በኋላ የመጣው ታላቁ ፈረንሳዊ ዦርዥ ኩቪዬም ከቀንድ አውጣና ከዛጎል ወገን አላወጣውም። ቅርፊት አለው፣ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ሌላ ምን ሊባል?

ያንን ፍርድ ያፈረሰው የጦር ሠራዊት ሐኪም ነው። ጆን ቮን ቶምሰን ይባላል። ሞሪሺየስና ማዳጋስካር አገልግሎ፣ ኋላ አየርላንድ ውስጥ ኮርክ በምትባል የወደብ ከተማ ተቀመጠ። ከሕክምናው ሥራ ጎን፣ ከስስ ጨርቅ የተሠራ መረብ በባህር ውስጥ እየጎተተ ዓይን የማይዛቸውን ተንሳፋፊ ፍጡሮች ያጠምድ ነበር። በ1826 ጸደይ ላይ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ጥንድ ቅርፊት የተሸፈኑ፣ ዓይን ያላቸው፣ በእግራቸው እየቀዘፉ የሚዋኙ ትንንሽ ነገሮች መረቡ ውስጥ ገቡለት። ባህሪያቸው የሽሪምፕ ዓይነት ነው። የባህር ውሃ በያዘ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አኖራቸውና ይጠባበቅ ጀመር።

ከቀናት በኋላ ቢያያቸው መዋኘቱን ትተዋል። የቀድሞ ልብሳቸውን ገፍፈው ጥለው፣ ከዕቃው ወለል ላይ ተጣብቀዋል። ባርናክል ሆነዋል!

እስቲ አስቡት ወዳጆቼ፤ የሊኔየስን ድልድል የገለበጠው ብዙ ገንዘብ ወይም ትልቅ ቤተ ሙከራ አይደለም። የባህር ውሃ ነው፣ ትዕግሥት ነው፣ ካደገው ይልቅ ሕፃኑን ማየት ነው። ቶምሰን ግኝቱን በ1830 እዚያው ኮርክ አሳተመ። ባርናክል የሸርጣንና የሽሪምፕ ወገን ነው፤ በእጭነቱ ዘሩን ይናገራል፣ ካደገ በኋላ ነው የሚሸሽገው። በ1836 ደግሞ ከዚህ የባሰ አንድ አሳየ። በሸርጣን ሆድ ሥር ከረጢት መስሎ የሚንጠለጠል፣ እግር የሌለው፣ አፍ የሌለው፣ ቅርፊት የሌለው ጥገኛ አለ፤ ሥሩን በሸርጣኑ ሰውነት ሁሉ ሰድዶ ይመገባል፤ ወንዱን ሸርጣን ሳይቀር ሆዱን አስፍቶ እንደ ሴት ያደርገዋል። ቶምሰን ሳኩሊና ብሎ ስም አወጣለት። እጮቹን ቢያይ የባርናክል እጮች ናቸው። ይህንን ሰው ብዙዎች አያነሱትም፤ እኔ ግን የባርናክልን ዘር ቆጠራ ስጀምር ከእሱ ነው የምጀምረው።

አሁን ወደ ቻርልስ ዳርዊን እንምጣ። በጥር 1835 ቢግል በምትባለው መርከብ ሲጓዝ፣ ደቡብ ቺሌ ቾኖስ ደሴቶች ላይ አንድ ዛጎል አነሣ። ዛጎሉ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ተበሳስቷል። ከየቀዳዳው ውስጥ የተቀመጠው ባርናክል ነው፤ ነገር ግን የራሱ ቅርፊት የለውም፣ የሌላውን ዛጎል ሰርስሮ ይኖራል። ዳርዊን ናሙናውን ይዞ አገሩ ገባ። በጥቅምት 1846 ያንን አንድ እንስሳ ገልጬ ልጨርስ ብሎ ተቀመጠ። አንዱን ለመረዳት ጎረቤቱን ማየት ግድ ሆነ፤ ጎረቤቱን ለመረዳት ወገኑን ሁሉ። ስምንት ዓመት ፈጀበት። ብሪቲሽ ሙዚየም ስብስቡን ፈቀደለት፤ ከየአገሩም ናሙና በፖስታ ይመጣለት ነበር። በኬንት አውራጃ፣ ዳውን በምትባል መንደር፣ ከማይክሮስኮፑ ሥር እየሰነጠቀ አያቸው። በመሐሉ፣ በ1851፣ የአሥር ዓመት ልጁ አኒ ሞተችበት። ከሐዘኑ በኋላም ወደዚያው ጠረጴዛ ተመለሰ። ልጆቹ አባታቸው ሌላ ሥራ ሲሠራ አላዩምና፣ አንደኛው ስለ አንድ ጎረቤታቸው ሲወራ ሰምቶ ሰውየው ባርናክሎቹን የት እንደሚመረምር ጠየቀ ይባላል።

መጻሕፍቱ በ1851 እና በ1854 ወጡ፤ በ1853ም የሮያል ሶሳይቲን ሜዳልያ ተሸለመ። ስለ ዝርያዎች አመጣጥ የጻፈውን መጽሐፍ ያወጣው ከዚያ በኋላ በ1859 ነው። ስምንቱ ዓመት ለትልቁ መጽሐፍ መዋል ሲገባው ባከነ የሚሉ አሉ። አልቀበላቸውም። ዳርዊን በዝርያና በዝርያ መካከል ያለው ድንበር ምን ያህል እንደሚላላ በእጁ የዳሰሰው እዚህ ነው። አብዛኞቹ ባርናክሎች በአንድ አካል ወንድም ሴትም ናቸው፤ ከእነዚህ በአንዳንዶቹ ላይ ግን ተጨማሪ ወንዶች፣ ኢምንት ሆነው፣ ከትልቁ አካል ላይ ተጣብቀው ሲኖሩ አገኘ። በሌሎቹ ደግሞ ወንድና ሴት ጨርሰው ተለያይተዋል። ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው የሚያሸጋግረው ደረጃ በሕይወት ቆሞ ታየው።

ነገር ግን ዳርዊን ያለው ዓይኑ፣ መርፌውና ማይክሮስኮፑ ብቻ ነው። የሚያየው አካልን ነው፤ አካል ደግሞ ለኑሮው ያደላል። በአንድ ዓይነት ማዕበል የሚደበደቡ ሁለት ባርናክሎች ዘራቸው ቢራራቅም ቅርፊታቸው ሊመሳሰል ይችላል፤ ኑሮውን የለወጠ ደግሞ ወንድሙን መምሰሉን ይተዋል። ሌላ ምስክር ያስፈልግ ነበር፤ ማዕበል የማይቀርጸው፣ ዓለት የማያስተካክለው።

መቶ ዓመት ያህል ልዝለል። በ1963 ስቶክሆልም ውስጥ ማርጊት ናስና ሲልቫን ናስ በሕዋስ ውስጥ ለኑሮ የሚያስፈልገውን ኃይል የሚያመነጨውን አካል፣ ሚቶኮንድሪያን፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ በውስጡ የዲኤንኤ ክር አገኙ። ከሕዋሱ እምብርት ውጭ ለብቻው የተቀመጠ ውርስ ማለት ነው። በ1981 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች የሰውን የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ከዳር እስከ ዳር አነበቡት፤ 16,569 ፊደል ሆነ። ይህ ውርስ በእንቁላል በኩል ከእናት ወደ ልጅ ይወርዳል፤ የአባትና የእናት ሳይደባለቅ። ስለዚህ የሚነግረን የእናትን ወገን ነው። በአንድ ሕዋስ ውስጥም ቅጂው ብዙ በመሆኑ፣ ከትንሽ ሥጋ እንኳ ለማውጣት አያስቸግርም፤ ለባርናክል አጥኚ ይህ ቀላል ጸጋ አይደለም።

እንደ መቁጠሪያ አድርጋችሁ ያዙልኝ። ክቡ ክር ላይ 37 ዶቃ ተሰክቷል፤ ዶቃው ዘረ መል ነው። 13ቱ ፕሮቲን ይሠራሉ፤ 22ቱ አሚኖ አሲድ የሚያመላልሱት ትንንሾቹ ናቸው፤ 2ቱ ፕሮቲን በሚሠራበት መሣሪያ ውስጥ ይገባሉ። ከነፍሳት እስከ ሰው፣ በአብዛኛው እንስሳ ዘንድ ቁጥሩ ይኸው ነው። ይህ መቁጠሪያ ሁለት ዓይነት ምስክርነት ይሰጣል። አንደኛው በየዶቃው ውስጥ የተጻፈው ፊደል ነው፤ ዘመን በሄደ ቁጥር ፊደል በፊደል ይለወጣል፣ ቅርብ ዘመዳሞች ጥቂት ይለያያሉ፣ ሩቆቹ ብዙ። ሁለተኛው የዶቃዎቹ ተራ ነው። ዶቃ ከቦታው ተነሥቶ ሌላ ቦታ የሚሰካው ከስንት አንዴ ነው። 37 ዶቃ ደግሞ የሚደረደርበት መንገድ ስፍር ቁጥር የለውም። እንግዲህ ሁለት እንስሶች አንድን ዶቃ ከጥንቱ ቦታ አንሥተው በአንድ ሌላ ቦታ ሰክተው ብታገኙ፣ በአጋጣሚ ተገናኙ ከማለት፣ ተራውን ከአንዲት ጥንታዊ እናት ወረሱ ማለት ይቀላል።

የዚህን ጉልበት በ1998 ያሳዩት ጄፍሪ ቡር፣ ዴኒስ ላቭሮቭና ዌስሊ ብራውን ናቸው። ሉሲን የሚባለውን አሚኖ አሲድ ከሚያመላልሱት ዶቃዎች አንዷን ተከተሉ። በነፍሳትና በሸርጣን ወገኖች ዘንድ ይህች ዶቃ በሁለት ትልልቅ ዘረ መሎች መካከል ትቀመጣለች፤ በሸረሪትና በመቶ እግር ወገኖች ዘንድ ግን እዚያ የለችም። አንዲት ዶቃ! በእሷ ምስክርነት ዝንብና ንብ ከመቶ እግር ይልቅ ለሽሪምፕ እንደሚቀርቡ ታየ። ለብዙ ዘመን የተጻፈው ተቃራኒው ነበር። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ትንሿ ነገር፣ ቦታዋን ስላልለቀቀች ብቻ፣ ትልቁን የዘር ግንድ ትሸከማለች።

ተራው የባርናክል ደረሰ። ሥራው እንዲህ ነው። ከዓለቱ ተፈልፍሎ የመጣው ባርናክል አልኮል ውስጥ ይቀመጣል፤ ከሥጋው ጥቂት ይወሰድና ዲኤንኤው ይወጣል፤ ቀለበቱ ቁራጭ በቁራጭ ተባዝቶ ይነበባል፤ ቁርጥራጮቹ ጫፍና ጫፋቸው እየተገናዘበ ቀለበቱ ይገጠማል። የማንበቢያው መሣሪያ ሲረቅ ደግሞ ሁሉን ባንድ ጊዜ አንብቦ ከመሐሉ የሚቶኮንድሪያውን መልቀም ተቻለ። ደቡብ ኮሪያውያኑ ሊምና ህዋንግ በ2006 የአንዱን አንገታም ባርናክል፣ የካፒቱሉም ሚቴላን፣ ሙሉ ንባብ አወጡ፤ ከ15 ሺህ ፊደል ጥቂት ያንሳል። ይህችን ስም ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ። ንባቧ ከሌሎቹ ጋር ሲመዛዘን፣ መማሪያ መጻሕፍት ባርናክልን ከብዙ ጥቃቅን የባህር ፍጡሮች ጋር ያኖሩበት ማክሲሎፖዳ የሚባለው ትልቅ ቤት አንድ ዘር ሆኖ አልቆመም።

ከዚያ በኋላ ሥራውን በብዛት ያካሄዱት የቻይና፣ የሆንግ ኮንግና የታይዋን ተመራማሪዎች ናቸው። ከእነሱም መካከል የታይዋኑ ቤኒ ቻን ይገኝበታል። አንድ በአንድ፣ ዓለት ለዓለት። ሜጋባላነስ በሚባሉት ትልልቅ ባርናክሎች ዘንድ አንድ ዶቃ ብቻ ሳይሆን፣ ተከታትለው የተሰኩ ዶቃዎች በአንድነት ፊታቸውን አዙረው፣ ቀድሞ ከሚነበቡበት አቅጣጫ በተቃራኒው ተሰክተው ተገኙ። እንዲህ ያለ መገልበጥ የቅርብ ዘመድን ለመለየት ከባድ ምልክት ነው።

የቀይ ባህሩ ግን ሌላ ነገር አስተማረ። ቴትራክሊታ ሩፎቲንክታ የሚባል፣ አራት ሰሌዳ ያለው ባርናክል ነው፤ ከቀይ ባህር እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ይኖራል፤ ስሙን ያወጣለት አሜሪካዊው ሄንሪ ፒልስብሪ በ1916 ነው። ፒልስብሪ የቆጠረው እንደ ሌላ ዝርያ ቅርንጫፍ ነበር። ዳርዊንም ቀድሞ የዚህን ወገን ብዙ ዓይነት በአንድ ዝርያ ሥር አጉሮት ነበር፤ ቅርፊታቸው በማዕበል እየተፋቀ ሲሄድ መለየት ያደክማልና አልፈርድበትም። የሩፎቲንክታ ቀለበት ሲነበብ የዶቃዎቹ ተራ ከቤተሰቡ ተራ ጋር አንድ ሆነ። እዚህ ተራው ዝም ይላል፤ ሁሉም አንድ ከሆነ ማንን ከማን ይለያል? ፊደሉ ግን ተናገረ። አውስትራሊያ ዳርቻ የሚኖረው ቴሴሮፖራ ሮዜያ ተነብቦ ከቴትራክሊታዎቹ ጋር ሲመዛዘን፣ ቴትራክሊታ የሚባለው ወገን አንድ ወጥ ቤት አለመሆኑ ታየ። በአንድ ስም ከተጠሩት መካከል ከስመ ሞክሼዎቻቸው ይልቅ ለውጭው የሚቀርቡ አሉ። ሁለቱ ምስክርነቶች እንዲህ ይተጋገዛሉ፤ አንዱ ሲያቅተው ሌላው ይቀጥላል።

ነገር ግን ይህን ምስክር አለቅጥ ማመንም አደጋ አለው፤ ይህንን ሳልናገር ባልፍ ታሪኩን አጎደልኩ ማለት ነው። 37ቱ ዶቃዎች በአንድ ክር ላይ ናቸውና አብረው ይወረሳሉ፣ አብረውም ይሳሳታሉ። ሠላሳ ሰባት ምስክር የቆሙ ይመስላል እንጂ አንድ ምስክር ነው። ፊደሉም ቶሎ ይለወጣል፤ በመቶ ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ አንዱ ቦታ ደጋግሞ ስለሚቀየር የጥንቱ ዱካ ይጠፋል። በፍጥነት የተለወጡ ሁለት ዘሮችም በፍጥነታቸው ብቻ ዘመዳም ሊመስሉ ይችላሉ። ስለዚህ ለጥንቱ ጥያቄ የእምብርቱ ዲኤንኤ መጠየቅ ነበረበት። በ2010 ጄሮም ሬጂየርና ባልደረቦቹ 75 ዝርያዎችን በ62 የእምብርት ዘረ መሎች አመዛዘኑ። ማክሲሎፖዳ እዚያም አንድ ሆኖ አልቆመም፤ ባርናክልም ከሸርጣንና ሽሪምፕ ጎን ተሰለፈ። ሁለት የማይተዋወቁ ምስክሮች በአንድ ቃል ሲገናኙ፣ ያኔ ነው ነገሩ የሚጸናው።

ካፒቱሉም ሚቴላን ያዙልኝ ብዬ ነበር። ይህች ባርናክል በእስያ ዓለታማ ዳርቻዎች፣ በስንጥቁ መካከል ተጨናንቃ ትኖራለች፤ ማዕበሉ የሚያመጣላትን በእግሯ እየለቀመች። በጃፓንና በታይዋን ሰው ቀቅሎ ይበላታል። በሌላው ዳር፣ በሰሜን አትላንቲክ ጥልቅ ውሃ፣ ትንሽ ጥቁር ሻርክ አለ። በዚህ ሻርክ ሥጋ ውስጥ የተተከለ ባርናክል ይገኛል፤ ወገኑን አኔላስማ ብሎ የሰየመው ዳርዊን ራሱ ነው። ቅርፊት የለውም። አንገቱ ሻርኩ ውስጥ ገብቶ ሥር የሚመስሉ ክሮች ይሰዳል፤ በእነሱ ይመገባል። ከየት መጣ? በሸርጣን ላይ ከሚኖረው ከሳኩሊና ወገን ይሆን? ወይስ ዓሣ ነባሪ ላይ ከሚጣበቁት?

በ2014 የኖርዌይ ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን ዲኤንኤውን ከሌሎች ባርናክሎች ጋር አመዛዝኖ መልሱን አወጣ። በሕይወት ካሉት ሁሉ የሚቀርበው ዘመዱ ካፒቱሉም ሚቴላ ነው። የሻርኩ ጥገኛ የወጣው ከጥገኞች ቤት አይደለም፤ ዓለት ላይ ተጣብቀው በእግራቸው ከሚለቅሙት ነው። ከዓለት ወደ ሻርክ ሲሻገር በመካከል የነበሩት ጠፍተዋል፤ የቀረው ራሱ ብቻ ነው። ስድስቱ ጥንድ እግሮቹ እስከ ዛሬ አሉ። ጸጉር የላቸውም፤ ምግብም አይለቅሙም። ተመራማሪዎቹ በ2016 የእግሮቹን ቅርጽ ሲለኩ የግራው ከቀኙ ጋር እኩል ሆኖ አላገኙትም፤ የማይሠራበትን እግር የሚያስተካክለው የለምና።